በገንዘብ የተከፈተው ማዕድ

የከተማ ሰው በወረቀት ባያሰፍረውም በልቡ የሚይዘው አንድ ዝርዝር አለ። ደመወዝ ሲወጣ፣ ወዳጅ ከሩቅ አገር ሲመጣ ወይም ልጅ ሲመረቅ «አንድ ቀን እንበላበታለን» እያለ ያቆያቸው ምግብ ቤቶች ዝርዝር ነው። የአዲስ አበባው ሰው ስሙን ብቻ የሚያውቀውን የጣሊያን ምግብ ቤትና ጓደኞቹ የሚያወሩለትን ቁርጥ ቤት፣ የአስመራው በአውራ ጎዳናው ዳር ያለውን የድሮ ቡና ቤት፣ የናይሮቢው ደግሞ አያቱ በውጭ በኩል ብቻ አይቶት ያለፈውን ትልቅ ሆቴል ይመዘግባል።

ዝርዝሩ ሲያዩት የሆድ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ደጋ ይኖር ለነበረ ሰው እንዲህ ያለው ምኞት ትርጉም አይኖረውም ነበር። «የት እበላለሁ? ማን ያበላኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከዘመድ፣ ከጌታ ወይም ከደግ ሰው ደጅ እንጂ ከኪስ አልነበረም። ዋጋውን የከፈለ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሚቀመጥበት ማዕድ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ማዕድ እንዴት እንደተከፈተ፣ ማንን እንዳስቀመጠና ማንን ከደጅ እንዳስቀረ ይመለከታል። ከምስክሮቹ መካከል ዋነኞቹ በየቀኑ የምንጠራቸው የቤቶቹና የዕቃዎቹ ስሞች ናቸው። በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው ስም የታሪክ ሰነድ ነውና።

ማዕድ በማዕረግ

ከሁሉ አስቀድሞ «ግብር» የሚለውን ቃል እንመልከት። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ይህ አንድ ቃል ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ገበሬው ለባላባቱና ለመንግሥቱ የሚያስገባው ቀረጥ ነው። በሌላ በኩል ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ታላቅ ድግስ ነው። «ግብር አገባ» እና «ግብር አበላ» በአንድ ቃል መነገራቸው በአጋጣሚ አይደለም። በእህል፣ በማርና በከብት የገባው ሀብት በእንጀራ፣ በጠጅና በቁርጥ ሥጋ ተመልሶ ይወጣ ነበር። የጌታ ጌትነት የሚለካው በሰበሰበው ብቻ ሳይሆን ባበላውም ጭምር ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ይሰጥ የነበረው ግብር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስተናግድ ነበር። በመጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ የበታች ሹማምንት፣ በመጨረሻም ተራው ወታደር በየተራው ይገባል። ለንጉሡ ገበታ መጋረጃ ይጋረዳል። አጋፋሪው የሚገባውንና የሚቀረውን ይለያል፤ አሳላፊው ምግቡንና መጠጡን እንደየማዕረጉ ያደርሳል። የማን ቦታ ከማን በላይ እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በዚህ ማዕድ ላይ ሰው የሚበላው ማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ስሙና ጌታው የማይታወቅ ሰው ቦታ የለውም።

ከቤተ መንግሥት ውጭ ያለው ሥርዓትም በሌላ መልኩ ያንኑ ይመስላል። መንገደኛ በመሸበት ደርሶ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ሲጣራ የሚያሳድረው ባለቤት ያበላዋል፤ እግሩንም ያጥበዋል። ሲነጋ ሂሳብ ቢጠይቀው ለሁለቱም ውርደት ይሆን ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» በሚል ኅብረተሰብ ውስጥ የበሰለ ምግብ ለማያውቁት ሰው መሸጥ የንፉግ ሥራ ነው።

ይህ ማለት ግን ምንም አይሸጥም ነበር ማለት አይደለም። በገበያ ቀን ቆሎና ዳቦ ይሸጣል፤ በነጋዴ መንገድና በወደብ ከተሞች ቡና በዋጋ ይጠጣል። በከተሞች ደግሞ ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ኮማሪት እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ሴቶች፣ ብዙዎቹ ከባል የተለዩ ወይም ከገጠር ብቻቸውን የመጡ ሲሆኑ፣ ለማያውቁት ሰው በራቸውን በገንዘብ የከፈቱ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማኅበረሰቡ በክብር ባይመለከታቸውም፣ የኋላው ምግብ ቤት ያለ እነርሱ የሚታሰብ አይደለም።

የእቴጌ ሆቴል

የዓድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልክተኞቻቸውን በአዲስ አበባ አስቀመጡ። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ጋዜጠኛውና አዳኙ ተከተላቸው። እነዚህ ሰዎች በከተማይቱ ዘመድ የላቸውም፤ ሁሉም በቤተ መንግሥት እንግድነት ሊያድሩ አይችሉም። እቴጌ ጣይቱ ይህን ችግር አይተው በአራዳ የሚገኘውን ሆቴል አሠሩ፤ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1907) ለእንግዶች ተከፈተ። ባለ ፎቁ የእንጨት በረንዳ ያለው ሕንፃ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በኢትዮጵያም የመጀመሪያው ሆቴል ተብሎ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሆቴል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር የኖረ ትረካ አለ። መኳንንቱ ወደ ሆቴሉ ሄደው መብላትን አልለመዱም ነበር አሉ። የበሉትም ቢሆኑ ነገሩን እንደ ግብር ቆጥረው ሳይከፍሉ ይነሣሉ። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በሉ፤ ሰው ሁሉ እያየም ዋጋውን ከፈሉ ይባላል። ግብር የሚያበላው ንጉሥ በገዛ ሚስቱ ቤት ለበላው ምግብ መክፈሉ፣ በገንዘብ መብላት ውርደት እንዳልሆነ ለማሳየት ከአዋጅ የበለጠ ትምህርት ነበር። ትረካው በሕዝብ አፍ የቆየበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ ኅብረተሰብ ከማዕረግ ማዕድ ወደ ዋጋ ማዕድ የተሻገረበትን እርምጃ በአንድ ትዕይንት ያሳያልና።

የለውጡን ክብደት ለመረዳት «ሬስቶራንት» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል አመጣጥ ማየት ይጠቅማል። በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ቃሉ የሚያመለክተው ቤትን ሳይሆን ሰውነትን ያጠነክራል የተባለ መረቅን ነበር። መረቁን የሚሸጡት ቤቶች ስሙን ወረሱት። አዲስ የነበረው ነገር መረቁ ሳይሆን አቀራረቡ ነው፦ ለየራስ የተለየ ጠረጴዛ፣ አስቀድሞ የተጻፈ ዋጋ፣ በላተኛው ራሱ የመረጠው ሰዓትና ምግብ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አጋፋሪ የለም። ይህ እኩልነት ሙሉ አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ከደጅ ይቀራል። ሆኖም ስምንና ትውልድን የማይጠይቅ ማዕድ መሆኑ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቃላቱ የመጡበት መንገድ

አዲሱ ማዕድ በየት በኩል እንደገባ ቃላቱ ይነግሩናል። ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ሳህን፣ ሹካና ሂሳብ ይጠይቃል። ሦስቱም ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ከአውሮፓውያን ሆቴል አስቀድሞ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የተሻገረው ንግድ ዕቃውንም ስሙንም ይዞ ገብቷል። ፉልና ፈጢራም የዚያው የባሕር መንገድ ስጦታዎች ናቸው። ሳምቡሳም ከፋርስ ተነሥታ በዐረቦች በኩል ወደ ሶማሌ፣ ወደ ስዋሂሊ ጠረፍና ወደ እኛ ደርሳለች። ሞምባሳ ላይም ሆነ ድሬዳዋ ላይ ብትጠራ ትታወቃለች።

ቀጥሎ ባቡሩ መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከባቡሩ ጋር የፈረንሳይኛው «ቡፌ» ገባ፤ በአዋሽ ጣቢያና በአዲስ አበባው ለገሃር መንገደኛው የሚመገብበት ቤት ማለት ነው። ዛሬ አማርኛ ይህን ቃል ወደ ሌላ ቦታ ወስዶታል። በሳሎን ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫውን ቡፌ እንለዋለን፤ በሠርግም ላይ ሰልፍ ይዘን «ቡፌ እናነሣለን»። የባቡር መንገደኛ ምግብ የሠርግ ድግስ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጣሊያንኛ ነው። ስጎ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ፣ ቦምቦሊኖ ሁሉም አመጣጣቸው ይታወቃል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ልኳንዳ» ነው። በጣሊያንኛ «ሎካንዳ» የእንግዳ ማደሪያ ነው። ቱርኮች ቃሉን ተውሰው ለምግብ ቤት አዋሉት፤ በግብፅ ዐረብኛ አነስተኛ ሆቴል ሆነ። አማርኛ ደግሞ ለሥጋ መሸጫ ሰጠው። ይህም ቢሆን ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ልኳንዳ ሥጋ ገዝቶ የሚኬድበት ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ዘንድ በኪሎ አስቆርጠው እዚያው ተቀምጠው ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ይመገቡበታል። በየበሩ ላይ የሚታየው መስቀል ወይም ጨረቃ ደግሞ እርዱ የማን እንደሆነ ለበላተኛው ይነግረዋል። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ልኳንዳ ሲቀዘቅዝ፣ የጣሊያኑ ፓስታ የጾም ስጎ ተሠርቶለት የጾመኛ ምሳ ይሆናል። የመጣው ምግብ የአገሩን ሥርዓት ተቀብሎ ተቀመጠ።

«ሆቴል» ራሱ በእኛ አገር ከአልጋ ይልቅ ምግብን ያስታውሳል። «ሆቴል ገብቼ በላሁ» የሚል ሰው አደርኩ ማለቱ አይደለም። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ በኬንያና በታንዛኒያ «ሆቴሊ» ተራ ምግብ ቤት ነው፤ በሕንድም እንዲሁ። በስዋሂሊ «ምካሃዋ»፣ በሶማሊኛ «መቃሒ» የሚባሉት የመመገቢያ ቤቶች ደግሞ ስማቸውን ያገኙት ከቡና ነው። በእኛም «ቡና ቤት» ቢራ የሚጠጣበት ሆኗል። በዚህ አካባቢ ሰው ለማያውቀው ሰው በራፉን በገንዘብ የከፈተው በአብዛኛው በቡናና በመጠጥ ሰበብ ነበር፤ ምግቡ የተከተለው በኋላ ነው።

ከደጅ የቀሩት

ማዕዱ በገንዘብ ከተከፈተ በኋላ ግን ገንዘብ ብቻውን የማያስገባበት ዘመን መጣ። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘችባቸው ዓመታት አዲስ አበባን በዘር ለመክፈል ዕቅድ አወጣች። ዛሬ በፍቅር የምንጠራቸው ስሞች ከዚያ ዕቅድ የተረፉ ናቸው፦ ፒያሳ፣ ለአገሬው ሰው የተለየው ገበያ መርካቶ፣ እንዲሁም ለመንግሥት ሠራተኞቿ ካሠራችው የቤቶች ድርጅት አሕጽሮት የተወለደው ካዛንቺስ።

እ.ኤ.አ. በጁን 1939 የወጣው የጣሊያን ሕግ «የዘር ክብርን» ለመጠበቅ በሚል፣ ለአገሬው ተወላጅ ወደተመደቡ ለሕዝብ ክፍት ቦታዎች አዘውትሮ የሚገባን ጣሊያናዊ በቅጣት ያስፈራራ ነበር። ሕጉ ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ የማይደረግ ነገር በሕግ አይከለከልም። ጣሊያናውያን ወታደሮችና ሠራተኞች ወደ ጠጅ ቤቱ ይገቡ ነበር ማለት ነው። በአስመራም የአውሮፓውያን ሠፈር ተከልሎ፣ ኤርትራዊው በገዛ ከተማው ማኪያቶ ከሚፈላበት ባንኮኒ ይርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችውን የዚያችን ውብ ከተማ ቡና ቤቶች ስናደንቅ ይህንንም አብረን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የእንግሊዞቹ ናይሮቢም የተለየች አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተው ኖርፎክ ሆቴል የነጭ ሰፋሪዎች መሰብሰቢያ ስለነበር «የጌቶች ምክር ቤት» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። በቅኝ ግዛቱ ውስጥ አፍሪካዊው ወደ እንዲህ ዓይነት ቤት የሚገባው ትሪ ተሸክሞ እንጂ ወንበር ስቦ አልነበረም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ነፃ ስትወጣ፣ በዚያ በረንዳ ተቀምጦ ሻይ ማዘዝ ከመጠጥ በላይ ትርጉም ነበረው።

በአዲስ አበባ ከነፃነት በኋላ የሆነው ነገር ልብ የሚነካ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቀልን ከልክለው ብዙ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች በአገሪቱ እንዲቀሩ ፈቀዱ። ከቀሩት አንዳንዶቹ ምድጃቸውን እንደገና አነደዱ። በፒያሳ የተከፈተው የካስቴሊ ምግብ ቤት በውጭ አገር ሳይቀር ስሙ ተጠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ቶሞካ ቡና እስከ አሁን ይቆላል፣ ይፈላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገሬው የሚገፋበት ዓይነት ገበታ አሁን ለከፈለ ሁሉ የተከፈተ ሆነ። በወጥ ቤት ያገለገሉ ኢትዮጵያውያንም ሙያውን ይዘው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። በየመንደሩ የሚገኘው ፓስታ በስጎ የተስፋፋው በእነርሱ እጅ ነው። በእነዚሁ ዓመታት ውቤ በረሃና ዶሮ ማነቂያ በባለቤቶቻቸው ሴቶች ስም የሚጠሩ ቤቶች የደመቁባቸው ሠፈሮች ነበሩ።

ዝርዝሩ ሲያጥር

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ይህ አዋጅ በምግብ ቤቶቻችን ታሪክ ላይ ያሳረፈው አሻራ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በርካታ የመሀል ከተማ ቤቶች የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ንብረት ሆኑ። ኪራዩ አነስተኛ ስለነበር ትንንሽ ሻይ ቤቶች፣ ጥብስ ቤቶችና ኬክ ቤቶች በአንድ ቦታ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ሊቆዩ ቻሉ። በሰዓት እላፊው ዘመን በራቸውን ዘግተው እንግዶቻቸውን እስከ ንጋት ያቆዩ ቤቶችም ነበሩ። ነገር ግን የሚሠሩበት ቤት የራሳቸው አልነበረም። ስለዚህ የመፍረስ ቀን ሲመጣ ቤቱን «የእኔ ነው» የሚል ወራሽ አልተገኘም፤ ስሙም በአብዛኛው በመዝገብ ሳይሆን በደንበኛው አፍ ብቻ የሚኖር ነበር።

ያ ቀን መጥቷል። በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተነሣው እሳት ጃዛምባ የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ ይዞ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ ለእግረኛም መሄጃ ተገኝቷል። በዚያው ልክ ከብዙ ሰዎች ዝርዝር ላይ «አንድ ቀን» ተብለው የቆዩ ስሞች ሳይበላባቸው ተሰረዙ። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ሥር የሚከፈቱት ምግብ ቤቶች ያማሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከደመወዝተኛው አቅም በላይ ሲሆን ይታያል። ፎቅ ሲወጣ ኪራይ ይወጣል፤ ኪራይ ሲወጣ የጥብሱ ዋጋ አብሮ ይወጣል። በማዕረግ ተዘግቶ የነበረ፣ በገንዘብ የተከፈተ፣ በዘር እንደገና የተዘጋና ከነፃነት በኋላ የተመለሰ ማዕድ አሁን በራሱ በገንዘብ ሊዘጋ መቃረቡ ሊያሳስበን ይገባል።

የሕንፃ ቅርስ የሚመዘግቡ ባለሙያዎች አሉ፤ የሚበጀውም የሚጎድለውም በእነርሱ ይነገራል። የምግብ ቤትን ታሪክ ግን የሚመዘግበው የለም ማለት ይቻላል። ማን ከፈተው? ወጡን የሠራችው ማን ነበረች? ምን ይታዘዝ ነበር? ስንት ይከፈል ነበር? በምን ምክንያት ያ ስም ወጣለት? እነዚህን የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ቤቱን ከመፍረስ ማዳን ላንችል እንችላለን፤ ስሙን፣ ባለቤቷንና ወጧን በወረቀት ማስፈር ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

የቀድሞው ማዕድ ከአዲሱ ጋር ፈጽሞ አልተለያየም። ምግብ ቤት ገብተን ከበላን በኋላ «እኔ ልክፈል፣ አይሆንም እኔ ነኝ» እያልን የምንጨቃጨቀው በመካከላችን ያለው ግብር አብላ ስላልሞተ ነው። ሂሳብን በየራስ መክፈል ለብዙዎቻችን ዛሬም ይከብደናል። ለአስተናጋጁ በሳህኑ ላይ የምንተውለትን ገንዘብም ሌሎች ቋንቋዎች በየራሳቸው ስም ሲጠሩት፣ አማርኛ «ጉርሻ» ብሎታል፤ በእጅ ጠቅልለን በወዳጅ አፍ የምናኖረው እንጀራ ማለት ነው። የማናውቀው ሰው በዋጋ ባበላን ጊዜ እንኳ ቋንቋችን ዝምድናውን አልተወም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በልብህ የያዝከውን ዝርዝር በወረቀት አውጣው። ከስሞቹ መካከል በዕድሜ የገፋውን ቤት አስቀድም፤ በመጪው ደመወዝም ሂድበት። ብቻህን አትሂድ፤ ዋጋው ከብዶት በበሩ በኩል ብቻ የሚያልፍ ወዳጅ ካለህ ይዘኸው ግባ። ከተመገባችሁ በኋላም ባለቤቷን «ቤቱን የከፈተው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሷንም ጻፉት።